«ፎቶዬን ስሜን ቆርጠው ሰቀሉት፣ የራሴን ቪዲዮ ደግሞ አወረዱብኝ፤ ልክሰስ ወይስ ልተወው?»

ጥያቄ፦ «ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ አነስተኛ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮ አለኝ፤ ገቢዬ አብዛኛው ከሠርግ ነው። ባለፈው የሹዋሊድ በዓል ሐረር ሄጄ በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ ያነሳሁትን አንድ ፎቶ፣ የስቱዲዮዬን ስም ከታች ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። እዚሁ ድሬ ያለ አንድ ሆቴል ስሜን ቆርጦ በትልቅ ባነር አሳትሞ በሩ ላይ ሰቀለው፤ በቴሌግራም ቻናሉም ያስተዋውቅበታል። ሄጄ ስጠይቃቸው ‹ከጎግል ነው ያገኘነው› አሉኝ። በሹዋሊዱ ምሽት በራሴ ካሜራ የቀረጽኩትን የዚክሪ (የመንፈሳዊ ዜማ) ቪዲዮ ደግሞ ዩቲዩብ ‹የቅጂ መብት ጥሰሻል› ብሎ አወረደብኝ፤ ከሳሼን አላውቀውም። የኔን ሲወስዱ ሕግ የለም፣ የራሴን ስጭን ግን ሕግ አለ። ሕግ የሚያወጡልን ሰዎች ይህንን ያውቁታል? ለተወካዮቻችን ብንጽፍስ? ልክሰስ ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሪ፤ ሁለቱም ጉዳይሽ መንገድ አለው። የፎቶው በአገራችን ሕግ የሚያዝ ነው፤ የቪዲዮው ግን አሁን ባለው ሁኔታ በአሜሪካ ሕግና በኩባንያው ደንብ ነው የሚሄደው። ድሬዳዋ ውስጥ ጥብቅና ላይ ነኝ። የፎቶ፣ የሙዚቃና የሶፍትዌር ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች በየተራ የሚያነሱት ጥያቄ አንቺ ያነሳሽውን ነው፤ ስለዚህ በሁለት መስመር «ክሰሺ» ብዬ አልሸኝሽም።

የላክሽልኝን ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ከፍቼ አየኋቸው። ባንቺ ፎቶ ላይ ልጅቷ ሁለቱን የእንጨት ማጨብጨቢያዎች ከፍ አድርጋ ይዛለች፣ ቢጫ ሻርፗ ከትከሻዋ ተንሸራቷል፣ ከኋላዋ የግንቡ ድንጋይ ይታያል። ባነሩ ላይ የታችኛው ጠርዝ ተቆርጧል። ሲቆርጡት ግን ቸኩለዋል፤ ከስቱዲዮሽ ስም የፊደሎቹ አናት ቀርቷል፣ ከልጅቷ ክርን ሥር የተቆራረጠ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ያቺን መስመር በደንብ አጉልተሽ ፎቶ አንሺልኝ። ባነሩ ሳይወርድ ዛሬውኑ አድርጊው።

ይህን ያልኩሽ በምክንያት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና ከተቀረጸ፣ ያለ ምንም ምዝገባ፣ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል። መጽሐፍም ዜማም ሥዕልም እንዲሁ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ ግን አንቀጽ 6 ለብቻው ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፦ ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የሠራውን ሰው ወይም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ መያዝ አለበት። ከሦስቱ አንዱን ካላሟላ ጥበቃ የለውም። በዕድሜም ቢሆን ልዩነት አለ፤ ደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ሲጠበቅለት፣ ለፎቶግራፍ የተሰጠው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

እስቲ ይህን ወደ ሥራሽ አምጪው። ስምሽን ጽፈሽበት ባይሆን ኖሮ ሆቴሉ «ፊርማም አድራሻም የለውም» ብሎ ይከራከርሽ ነበር፣ ክርክሩም የአዋጁን ጽሑፍ ይዞ ስለሚመጣ ዳኛው ችላ ሊለው አይችልም። በየቀኑ በቴሌግራም ለደንበኛ የምትልኪው፣ በስልክ አንስተሽ ወዲያው የምትለጥፊው፣ ስም ያልሰፈረበት ፎቶ ሁሉ በዚህ አንቀጽ ፊት ደካማ ነው። አንቀጹን ሳነበው የሚታየኝ የፊልም ዘመን ነው፤ ስቱዲዮ ፎቶ አጥቦ ከጀርባው ማኅተሙን የሚመታበት ጊዜ። አዋጁ ሐምሌ 1996 ሲወጣ ዩቲዩብ ገና አልተፈጠረም፣ ፌስቡክም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ ወደ ሌሎች መስፋፋት የጀመረበት ዓመት ነበር። በዚያን ጊዜ ለጻፉት ሰዎች ብዙ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው ከዚያ በኋላ ለመጡት ነው። በ2007 ማሻሻያው፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ሲወጣ ካሜራ በየኪሱ ገብቶ ነበር። የዚያ ማሻሻያ ዋና ትኩረት የሮያሊቲ (ሰው በሥራው ሲጠቀም ለባለመብቱ የሚከፈለው) አሰባሰብና የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሆነ። ለሙዚቀኞች ተገቢ ነገር ነው፤ ሥራው በኢንተርኔት የሚዘዋወርበት ሰው በኢንተርኔት ላይ መብቱን በምን መንገድ ያስከብር የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ተቀመጠ።

ስለዚህ በፎቶው ላይ የምሰጥሽ አስተያየት፦ አትተይው። ፌስቡክ ላይ የለጠፍሽው ስምሽን ይዞ ነው፣ ያ ቅድመ ሁኔታውን ያሟላል ብዬ እከራከራለሁ። ሌላው ሰው መቁረጡ ጥበቃውን አያነሳውም፤ እንዲያውም ስሙን መቁረጡ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው፣ ምክንያቱም የሥራው ባለቤት ተብሎ መጠራት በአንቀጽ 8 የተቀመጠ የሞራል መብት ነው። «ከጎግል አገኘነው» መከላከያ አይሆንም። ጎግል ፎቶው የት እንዳለ ያሳያል እንጂ የማተም ፈቃድ አይሰጥም። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ መውሰድን አዋጁ ይፈቅዳል፤ በር ላይ የተሰቀለ የንግድ ባነር ግን የግል ጥቅም አይደለም።

መጀመሪያ ማስረጃሽን አደራጂ። ካሜራው የሰጠሽን ዋናውን ፋይል ሳትነኪ በሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የካሜራው ዓይነት ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። ከዚያው ምሽት ከፎቶው በፊትና በኋላ ያነሳሻቸውን ሌሎች ፎቶዎችም አትሰርዢ። አንድን ፎቶ ከኢንተርኔት የወሰደ ሰው ያንኑ አንድ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ቀጣዩን፣ ልጅቷ ዓይኗን የጨፈነችበትን፣ ሊያመጣ አይችልም። የፌስቡክ ልጥፍሽን ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሾት ውሰጂ፣ የቴሌግራም ቻናሉንም እንዲሁ። ባነሩን ስታነሺ ከአንቺ ጋር ሁለት ሰው ይኑር፤ ነገ ቢያወርዱት ምስክር ይሆኑሻል። ስክሪንሾት ችሎት አይቀበልም የሚል ወሬ በከተማው አለ፤ እውነት አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ዳኛው የሚጠይቀው እውነተኛነቱን ነው፣ ለዚያ ደግሞ ዋናው ፋይልና ምስክሮቹ አሉሽ።

ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሂድላቸው። ባነሩ እንዲወርድ፣ ቻናሉ ላይ ያለው እንዲሰረዝ፣ ለተጠቀሙበት ጊዜ እንዲከፍሉ ቀን ቆርጠሽ ጠይቂ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያልቃሉ፤ ነጋዴ ሰው ከፍርድ ቤት ይልቅ ክፍያ ይመርጣል። እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት እግድ እንዲሰጥሽና ካሣ እንዲያስከፍልልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። አንቀጽ 34 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ይላል፤ ማስጠንቀቂያው ላይ ይህን ቁጥር ጥቀሺው። የቅጂ መብት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው፤ ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራል ፍርድ ቤት ችሎት እዚሁ አለልሽ። ሆቴሉ ሐረር ቢሆን ኖሮ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይዞ ያየው ነበር። አትዘግዪ ግን፤ ከውል ውጭ ለሆነ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያስቀመጠው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያ ጊዜ ገደብ፣ 2 ዓመት ነው፣ ተከሳሽ መጀመሪያ የሚያነሳው መቃወሚያም እሱ ይሆናል። ለጠበቃ የሚከፈል ከሌለሽ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ኮሌጅ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት፤ እነሱን ጠይቂ።

ወደ ቪዲዮው ልምጣ። እዚህ ላይ ነው ንዴትሽ ልቤን የነካው።

ቪዲዮሽን ያወረደው የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ማንም የኢትዮጵያ ባለሥልጣንም አላየውም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ኮንግረስ ያወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ነው የሠራው። ያ ሕግ ለኢንተርኔት ኩባንያዎች እንዲህ የሚል ስምምነት ሰጣቸው፦ ባለመብት ነኝ የሚል ሰው ጽፎ ሲያሳውቃችሁ ቶሎ ካወረዳችሁ፣ ደንበኞቻችሁ በጫኑት ነገር እናንተ በካሣ አትጠየቁም። ለኩባንያው ማውረድ አያስከፍልም፣ አለማውረድ ግን ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ያወርዳል። አውርዱልኝ ያለው ማነው፣ እውነት ባለመብት ነው ወይ ብሎ የሚያጣራ ዳኛ በመካከል የለም። ሕጉ ሲወጣ የኮንግረሱ አባላት ያሰቡት ስለ አሜሪካ ኩባንያዎችና ስለ አሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ነበር፤ ውጤቱ ግን ከዚራ ስቱዲዮሽ ድረስ መጣ።

ይህ ሕግ ለአንቺም አንድ በር ትቶልሻል፦ የመቃወሚያ ማስታወቂያ። ቪዲዮው በስህተት እንደወረደ፣ ቀረጻው የራስሽ እንደሆነ ጽፈሽ ትልኪያለሽ። ከሳሹ ክስ መመሥረቱን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለዩቲዩብ ካላሳየ ቪዲዮሽ ይመለሳል። ቅጹ ላይ አንድ የሚያስደነግጥ ዓረፍተ ነገር ታገኛለሽ፤ ከአሜሪካ ውጭ የምትኖሪ ከሆነ ኩባንያው በሚገኝበት በአሜሪካ የፌዴራል ወረዳ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እስማማለሁ ብለሽ መፈረም አለብሽ። ስምሽና አድራሻሽም ለከሳሹ ይደርሰዋል። ከድሬዳዋ ተነስቶ ካሊፎርኒያ የሚከራከር የለም፣ ብዙ ወጣት እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ስልኩን ዘግቶ ይተወዋል። አንቺ ግን ማመዛዘን ያለብሽ እንዲህ ነው፦ ቀረጻው ያንቺ ከሆነ፣ ከሳሽሽ ለአንድ የዚክሪ ቪዲዮ አሜሪካ ሄዶ ክስ ይመሠርታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ብትተዪው ደግሞ ዩቲዩብ ቻናልሽ ላይ የመዘገበው ማስጠንቀቂያ ለ90 ቀን ይቆይብሻል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናልሽ ከነቪዲዮዎችሽ ይዘጋል።

ከመላክሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ዚክሪው ራሱ የማን ነው? ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ፣ ደራሲው የማይታወቅ ከሆነ ማንም ዜማው የኔ ነው ብሎ ሊያወርድብሽ አይገባም። አንድ ሰው ያንኑ ዚክሪ ስቱዲዮ ገብቶ ቢቀርጽ፣ መብቱ ያንን የራሱን ቅጂ ይመለከታል፤ አንቺ በአደባባይ የቀረጽሽውን አይነካም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ ቀረጻውን ያስመዘገበ ሰው የዜማውም ባለቤት የሆነ ይመስለዋል፣ ቅጂዎችን የሚያመሳስለው የዩቲዩብ ማሽንም ዜማው ስለተመሳሰለለት ይስማማዋል። ግጥሙ ወይም ዜማው በቅርብ ጊዜ የታወቀ ሰው የደረሰው ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያን ጊዜ ፈቃድ ያስፈልግሻል። የሐረር ሽማግሌዎችን ጠይቂ፤ የትኛው ዚክሪ የቆየ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ከነሱ በላይ የሚነግርሽ የለም። ሹዋሊድ በ2016 ኅዳር ላይ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ ይህንንም ከማስረጃሽ ጋር ጨምሪው፣ በዓሉ የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነ ለማያውቅ ሰው ያስረዳል።

አሁን «ያውቁታል ወይ?» ላልሽው።

ሕግ አውጪዎቻችን ኢንተርኔትን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን እንደ አደጋ ነው። አንቺ እንደምታውቂው፣ ሰው ሠርቶ የሚኖርበት ቦታ አድርገው አያውቁትም። ይህን የምለው ስሜት ይዞኝ አይደለም፣ ነጋሪት ጋዜጣውን በተከታታይ ያነበበ ሁሉ የሚያየው ነው።

በ2004 የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ወጣ። በኢንተርኔት ድምፅ መደወልን የሚመለከተው ክፍል በጣም ሰፊ ሆኖ ስለተጻፈ፣ በስካይፕ የደወለ ሁሉ ይታሰራል ወይ የሚል ድንጋጤ ተፈጠረ፤ መንግሥትም ተራ ተጠቃሚን አይመለከትም ብሎ ማብራሪያ መስጠት ግድ ሆነበት። ድሬዳዋ ውስጥ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ በኢሞና በዋትስአፕ ከልጇ ጋር ሳትነጋገር የምታድር እናት የለችም። እናት ልጇን ስታናግር ወንጀል ትሠራ ይሆን ብሎ ለማሰብ ክፍት የሚተው ሕግ፣ ያወጡት ሰዎች የሚጠቀሙበትን ሕዝብ እንዳላማከሩ ያሳያል። በ2008 የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 መጣ፤ አገልግሎት ሰጪዎች ሕገ ወጥ ይዘትን ከሚመለከተው አካል ማሳወቂያ ደርሷቸው ካላነሱ በወንጀል እንዲጠየቁ አደረገ። በ2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በ297 ድጋፍና በ23 ተቃውሞ ጸደቀ። ማሳወቂያ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ኩባንያዎቹ ይዘቱን እንዲያነሱ ይጠይቃል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል።

የጥላቻ ንግግር ጉዳት የለውም አልልም። እኛ ከተማ ውስጥ በስልክ የተላለፈ ወሬ ሰፈርን ከሰፈር እንዴት እንደሚያፋጥጥ አይተናል፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲቀሩ አይተናል። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ይህ ምክር ቤት ስለ ኢንተርኔት በሰዓት መጻፍ ይችላል፣ የተከታይ ብዛት መቁጠር ይችላል። የሚያሳውቅ ማነው፣ ማን ያነሳል፣ በስንት ሰዓት የሚለውን አስቦ ማስቀመጥ ያውቅበታል። ለአንቺ ፎቶ ግን ያንኑ አላደረገም። ማሳወቂያሽን የሚቀበል፣ የሆቴሉን መልስ የሚሰማ፣ ቀን ቆርጦ የሚወስን ቀላል ሥርዓት በቅጂ መብት አዋጁ ውስጥ የለም። ያለሽ ሙሉ የፍርድ ቤት ክስ ብቻ ነው። የ3,000 ብር ፎቶ ለተወሰደበት ሰው ሙሉ ክስ መመሥረት መብት እንዳይጠየቅ የማድረግ ያህል ነው፤ ባዶውን ቦታም የውጭ ኩባንያ ደንብ ሞላው። ቪዲዮሽ ላይ የሆነው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በዚህ ላይ የ2015ን አስታውሺ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ነበር። ደንበኛ በቴሌግራም የምታገኝ ስቱዲዮ ለወራት ምን በላች? ቪፒኤን ያወረደ ተጠቀመ፣ ያላወረደ ተቀመጠ። ያ እርምጃ በምክር ቤት ተመክሮበት በአዋጅ የተወሰነ አልነበረም፤ እስከ መቼ፣ በማን ትእዛዝ፣ ለተጎዳ ማን ይክፈል የሚል ድንጋጌ ሳይኖር ነው ያለፈው። እኔ እንደማምነው የሕዝብ ተወካይ ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

ቅጣትን በተመለከተም እንዲሁ ነው። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ መብትን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብተሽ በፍላሽና በሚሞሪ ዘፈን የሚጭኑትን ልጆች እይ። አንዱ ልጅ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ፎልደሮቹ በዘፋኝ ስም ተደርድረዋል፣ ደንበኛው «የሶማሊኛ ጨምርበት፣ የኦሮምኛውን አዲሱን» ይለዋል፣ ልጁ ጎትቶ ይለጥፋል፤ ጥቂት ብር ይቀበላል። ዘፋኙ ከዚያ ሽያጭ ምንም አላገኘም፣ ይህ እውነተኛ በደል ነው። ግን ዘፋኙ ልጁ 5 ዓመት እንዲታሰርለት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ከጥቂቱ ብር ላይ ሳንቲሙን ነው። ትልቅ ቅጣት በወረቀት ላይ ጽፎ፣ ትንሽ ክፍያ የሚሰበሰብበትን መንገድ አለማበጀት ለዘፋኙም ለልጁም አልጠቀመም። ልጁን ፈቃድ ሰጥቶ ከሚጭነው ላይ የሚያስከፍል አሠራር በየከተማው ቢዘረጋ፣ እኔ ታይዋን ውስጥ የሚቃወም አይመስለኝም።

የሕግ አውጪ ከቴክኖሎጂ ኋላ መቅረት የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ የአሜሪካው ሕግ ራሱ ዩቲዩብ ከመፈጠሩ 7 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው፣ ዛሬም ያንኑ ይዘው ይከራከራሉ። ልዩነቱ የነሱ ሕግ ለነሱ ሰው አቤት የሚልበት በር አለው። የእኛ ሰው በነሱ በር ለመግባት የነሱን ፍርድ ቤት መቀበል አለበት። ኢትዮጵያ የበርንን የቅጂ መብት ስምምነት ሳትቀላቀል ዐሥርት ዓመታት መቆየቷም የራሱ ድርሻ አለው፤ የእኛ ደራሲ ውጭ አገር መብቱን ሲጠይቅ የሚይዘው ሰነድ ያንሰዋል።

መልካም የምለው አንድ ሕግ አለ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ዘግይቶ ቢመጣም፣ ሰው ስለራሱ በሚያዝ መረጃ ላይ መብት እንዳለው ይቀበላል፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዜጋውን ከመቆጣጠር ሳይሆን ከመጠበቅ የተነሳ በመሆኑ ያስደስተኛል። አንቺንም ይመለከታል፤ ስቱዲዮሽ ውስጥ የሰዎች ፎቶና ስልክ ቁጥር ተቀምጧል፣ ያለፈቃዳቸው ለሌላ አሳልፈሽ አትስጪ።

ስለ ሰው ፈቃድ ስናወራ፣ በፎቶው ላይ ያለችው ልጅም መብት አላት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 በአደባባይ ለተደረገ በዓልና ሥነ ሥርዓት ልዩ ሁኔታ ስለሚያስቀምጥ የሹዋሊድን ፎቶ መለጠፍሽ አያስጠይቅሽም። የሆቴል ማስታወቂያ ላይ ፊቷን መስቀል ግን ከበዓሉ ጋር የተያያዘ ነው ለማለት ይከብደኛል። ሆቴሉ ሊከፍልሽ ከተስማማና ባነሩ ይቀጥል ካለ፣ መጀመሪያ ልጅቷን ፈልጊያት፤ ዕድሜዋ ካልደረሰ ወላጆቿን። ጁገል ውስጥ ደግሞ ፎቶውን ይዘሽ ብትጠይቂ ማንነቷን የሚነግርሽ አታጪም።

ለተወካዮቹ እንጻፍ ላልሽው ሐሳብ እኔም አብሬሽ ነኝ። የቅጂ መብት ሕግ ማውጣት በሕገ መንግሥቱ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ስለሆነ የድሬዳዋ ምክር ቤትም ሆነ የሐረሪ ምክር ቤት አንቀጹን መለወጥ አይችሉም። ድሬዳዋ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 2 መቀመጫ አላት፣ ሐረሪም 2። እነዚህ አራት ሰዎች ስም አላቸው፣ ቢሮ አላቸው፣ ለመራጭ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። «ቴክኖሎጂ አታውቁም» የሚል ደብዳቤ አትጻፊላቸው፤ ይህን ብለሽ የሚሰማሽ የለም። የሚለወጠውን አንቀጽ ጥቀሺ፦ አንቀጽ 6 ላይ ያለው የፎቶግራፍ ቅድመ ሁኔታ ይነሳ፤ ለፎቶ የተሰጠው ዕድሜ ከሌላው ሥራ ጋር ይስተካከል፤ አነስተኛ ገንዘብ ላለባቸው የቅጂ መብት ክርክሮች አጭር ሥርዓት ይበጅ፤ ይዘት ይውረድ የሚል ሰው መብቱን እንዲያሳይ፣ የወረደበትም እንዲቃወም፣ በአገር ውስጥ የሚወስን አካል ይኑር። ከደብዳቤው ጋር ፎቶሽንና ባነሩን ጎን ለጎን አድርገሽ አያይዢ። በከዚራ፣ በመጋላና በሐረር ያሉ የፎቶ ቤት ባለቤቶች ቢፈርሙበት ክብደቱ ሌላ ነው። ረቂቁን ላኪልኝ፣ ያለ ክፍያ አይቼ አስተካክልልሻለሁ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ገቢሽ አብዛኛው ከሠርግ እንደሆነ ጽፈሻል። በውል ካልተለየ በቀር፣ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት ያዘዘው ሰው ነው ይላል አዋጁ አንቀጽ 21። ማለትም ሙሽሮቹ ከፍለው ያስነሱሽን ፎቶ፣ ምንም ካልተጻፈ፣ ለስቱዲዮሽ ማስታወቂያ ስትጠቀሚበት የመብት ጥያቄ ሊያነሱብሽ ይችላሉ። ቀብድ ስትቀበዪ በምትሰጪው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ የፎቶዎቹ የቅጂ መብት የስቱዲዮው ነው፤ ሙሽሮቹ የፈቀዷቸውን ፎቶዎች ስቱዲዮው ለማስታወቂያ ሊጠቀም ይችላል። የትኞቹን እንደፈቀዱ በቁጥር ዘርዝሪ፣ ሁለቱም ሙሽሮች ይፈርሙበት። የሆቴሉን ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ስትመጪ ዋናውን ፋይል በፍላሽ፣ ስክሪንሾቶቹን ታትመው፣ የሁለቱን ምስክሮች ሙሉ ስም ይዘሽ ነይ።